ፉል አበባ ቅጠል ብቻ እያወጣ አበባውን ለምን ይነፍገናል?



ጅዳ፣ ጂዛን፣ ሰንዓ ወይም ዓደን ለኖረ ሰው ፉልን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ከዐስር በኋላ በየመንገዱ ዳር በክር ተሰክቶ የሚሸጠው፣ በሠርግ ቀን በሙሽራዋ ፀጉርና አንገት ላይ የሚደረደረው፣ ማታ ላይ አንድ ፍሬው ብቻ ክፍሉን የሚያውደው ነጭ አበባ ነው። (ለቁርስ ከምንበላው ፉል ጋር ዝምድና የለውም። በዐረብኛ የሚበላው ሲጠራ «ፉ» ይረዝማል፤ የአበባው ስም ላይ ግን «ል» ይጠብቃል።)

ይህን ተክል በማሰሮ ተክለው በሳሎንና በበረንዳ የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። ታሪኩም ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሲገዛ አብቦ ነበር። በመጀመሪያው ወር ሽታው ቤቱን ሞላው። ከዚያ አበባው ቆመና ቅጠል ብቻ ሆነ። ቆይቶ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ መርገፍ ጀመረ። «ጠምቶት ይሆናል» ተብሎ ውሃው ተጨመረለት፤ በሁለተኛው ሳምንት ጠወለገ፤ እንደገና ውሃ ተጨመረ። በመጨረሻም ግንዱ ጠቆረ።

ቤት ውስጥ የሚያድግ ፉል የሚያጣው ብርሃን ነው፤ የሚገድለው ደግሞ ውሃ ነው። እኛ ግን ብርሃን ላጣ ተክል ውሃ እንሰጠዋለን። ይህ ጽሑፍ ይህን ነገር ለማስተካከል የተዘጋጀ ነው።

ስሙ ከዐረብ፣ ትውልዱ ከእስያ

ሳይንሳዊ ስሙ ጃስሚነም ሳምባክ ይባላል። ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ሲመዘግበው «የሌሊት አበባ» የሚል ትርጉም ባለው ወገን ውስጥ አስገብቶት ነበር። ወደ ጃስሚን ወገን የተዛወረው በኋላ ነው። «ሳምባክ» የሚለው ቃል የመጣው «ዘንበቅ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ሲሆን በቀድሞ የዐረብ ሊቃውንት መጻሕፍት የጃስሚን ዘይት መጠሪያ ነበር። ፈረንጆች «የዐረብ ጃስሚን» ቢሉትም የተገኘው ከሕንድና ከአካባቢው ነው። ወደ ዐረብ ምድር የገባው ሰው ይዞት ነው። ፊሊፒንስ ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብሔራዊ አበባዋ አድርጋዋለች፤ ኢንዶኔዥያም ከብሔራዊ አበቦቿ አንዱ ነው። በቻይና ደግሞ የሻይ ቅጠልን ሽታ ለማልበስ ይጠቀሙበታል።

ከየት እንደመጣ ማወቁ ለእንክብካቤው ይጠቅማል። ሞቃት፣ ፀሐያማና እርጥበት ያለው አየር የለመደ ተክል ነው። ጥላ ውስጥ የኖረ የጫካ አበባ አይደለም። ሳሎን ጥግ ላይ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ሲቀመጥ ለተወሰኑ ወራት ይኖራል እንጂ አያብብም።

በአገራችን ሸጮች «ጃስሚን» ብለው የሚሰጡት ሁሉ ፉል አለመሆኑንም ልብ እንበል። የራሳችን ጠምበለል ከጃስሚን ወገን ነው፤ ደጋ የሚስማማው ሐረግ ነው፤ ቅጠሉ በሦስት ንዑሳን ቅጠሎች የተከፈለ ነው። የፉል ቅጠል ግን አንድ ወጥ፣ ሞላላ፣ የሚያብረቀርቅ ሲሆን ሁለት ሁለት ወይም ሦስት ሦስት ሆኖ በአንጓው ዙሪያ ይወጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ቅጠሉን ብቻ ማየት ይበቃል። አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ «ካሮላይና ጃስሚን» ከሚባለው ቢጫ አበባ ተጠንቀቁ። ስሙ እንጂ ዘሩ ጃስሚን አይደለም፤ መርዛማ ነው፤ ሕፃናት ባሉበት ቤት ሊገባ አይገባም። ፉል ግን ለልጅም ለድመትም አደገኛ ተብሎ አይታወቅም።

ከፉል ዝርያዎችም ለቤት የሚመቸው ነጠላ አበባ ያለው ነው። እንደ ትንሽ ጽጌረዳ ተደራርቦ የሚያብበው «ግራንድ ዱክ» የሚባለው ዓይነት ዓይን ቢማርክም አዝጋሚ ነው፤ ብርሃንና ሙቀት ሲጎድለው እምቡጡ ሳይከፈት ይደርቃል።

መስኮቱ የትኛው ነው?

ዓይናችን ያታልለናል። ክፍል ውስጥ ስንገባ ዓይናችን ራሱን ስለሚያስተካክል ሳሎኑ ብሩህ ይመስለናል። ለተክል ግን ከመስኮቱ ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ መራቅ ማለት የብርሃኑን አብዛኛውን ክፍል ማጣት ነው። ቀላሉ መመዘኛ ጥላ ነው። ፀሐይ በወጣበት ሰዓት እጃችሁን ከተክሉ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። የጣቶቻችሁ ጥላ ጥርት ብሎ ከታየ ቦታው ይሆናል። ደብዘዝ ካለ ቅጠል ይወጣል፣ አበባ ግን ለማግኘት ይከብዳል። ጥላ ጨርሶ ከሌለ ተክሉን አንሱት።

ፉል ቤት ውስጥ ለማበብ በቀን ቢያንስ አራት ሰዓት ያህል በቀጥታ የሚያርፍ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ስድስት ቢሆን ይሻላል። አበባ ማውጣት ለተክል ከባድ ወጪ ነው። ቅጠሉ በብርሃን የሚያዘጋጀው ስኳር ከዕለት ቀለቡ ካልተረፈ እምቡጥ አይፈጥርም። ስለዚህ አበባ የነፈገ ፉል የታመመ ሳይሆን ቀለቡ ብቻ የደረሰው ሊሆን ይችላል።

በመጻሕፍትና በቪዲዮ «ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ምረጡ» የሚለው ምክር በብዛት ይገኛል። ምክሩ የተጻፈው ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ነው፤ እዚያ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ እውነት ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በታኅሣሥ ፀሐይ በደቡብ በኩል ታዘነብላለች፤ በሰኔ ደግሞ በሰሜን በኩል ትሆናለች፤ እሱም ከአናታችን ብዙም ሳትርቅ ነው። እኩለ ቀን ላይ ያለው ፀሐይ ጣሪያ ላይ እንጂ መስኮት ውስጥ እምብዛም አይገባም። ለእኛ ዓመቱን ሙሉ የሚያስተማምነው ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት ነው። ከሁለቱ ምሥራቁን እንመርጣለን፤ የጠዋቱ ፀሐይ ቅጠል ሳያቃጥል ረጅም ሰዓት ይቆያል። በተቻለ መጠን ማሰሮው ከመስታወቱ አጠገብ ይሁን፤ መጋረጃውም ቀን ቀን ይገለጥ። የቤት ገመና ካሳሰበ ተክሉ በመጋረጃውና በመስታወቱ መካከል ሊቆም ይችላል። ይህ በብዙ ቤት የሚሠራ መላ ነው።

ሪያድ፣ ጅዳ ወይም ኩዌት ያላችሁ ችግራችሁ ተቃራኒ ነው። በበጋ የምዕራብ መስታወት ከኋላው ያለውን ቅጠል ይጠብሳል፤ ስለዚህ ከቀትር በኋላ ስስ መጋረጃ ይጋረድ። ከዚያ የሚብሰው ኤር ኮንዲሽነሩ ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር በቀጥታ የሚነፍስበት ፉል እምቡጡን አንድ በአንድ ያራግፋል። ማሰሮውን ከነፋሱ አቅጣጫ ማራቅ ብቻ ብዙ ጊዜ በቂ ነው።

ስዊድን፣ ጀርመን ወይም ሚኒሶታ ያላችሁ ደግሞ በክረምቱ የደቡብ መስኮትም አይበቃችሁም። ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ነጭ ብርሃን የሚሰጥ የኤል ኢ ዲ መብራት ከተክሉ በላይ 20 እና 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ላይ ሰቅሎ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ማብራት ነው። ሁለተኛው ተክሉን ማሳረፍ ነው፤ ቀዝቀዝ ባለ ብሩህ ክፍል ተቀምጦ፣ ውሃው ተቀንሶ፣ ማዳበሪያው ቆሞ እስከ ፀደይ ይቆያል። እኛ ወደ ሁለተኛው እናዘነብላለን፤ በጨለማ ወራት እንዲያብብ ማስገደድ ለባለቤቱም ለተክሉም ድካም ነው።

ውሃውና የውዱእ ነገር

የጠማው ተክልና ሥሩ የበሰበሰ ተክል ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው። ሁለቱም ይጠወልጋሉ፤ ሁለቱም ቅጠላቸው ይረግፋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ተክሉ በውሃ መካከል ሆኖ ይጠማል። በዚያ ላይ ውሃ የሚጨምር ሰው ሞቱን ያፋጥናል። ስለዚህ ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ሳታስገቡ ውሃ አትስጡ። ውስጡ ደረቅ ከሆነ ተክሉ ጠምቶታል። ውስጡ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ከተንጠለጠለ ውሃውን አቁሙ፤ ተክሉን ከማሰሮው አውጥታችሁ ሥሩን እዩ። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ቡናማ፣ ልስልስ፣ ሽታውም የሚከረፋ ነው። እሱን በንጹሕ መቀስ ቆርጣችሁ፣ ከላይም ቅርንጫፉን አሳጥራችሁ በአዲስ አፈር መትከል የመጨረሻው ዕድል ነው።

«በሳምንት ስንት ጊዜ?» የሚለው ጥያቄ ቁጥር ያለው መልስ የለውም። ድሬዳዋ በግንቦት በየቀኑ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ አበባ በነሐሴ በዐሥር ቀን አንዴም ሊበዛ ይችላል። ሲሰጥ ግን ከታች ባለው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ ይሰጥ፤ በሰሃኑ ላይ የተጠራቀመው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይደፋ። በየቀኑ አንድ ስኒ ማንጠባጠብ ከላይ እርጥብ፣ ከታች ደረቅ አፈር ይፈጥራል። ቀዳዳ የሌለው የሚያምር ማሰሮ ከተሰጣችሁ በስጦታነቱ አመስግናችሁ ቀዳዳ አብጁለት።

የውዱእ ውሃ ይሆናል ወይ? ይሆናል። ከእጅና ከፊት የወረደው ውሃ በአብዛኞቹ ዑለሞች ዘንድ በራሱ ንጹሕ (ጧሂር) ነው፤ ልዩነታቸው ዳግመኛ ውዱእ ይደረግበታል ወይስ አይደረግበትም በሚለው ላይ ነው። ለተክል ደግሞ ሳሙና ከሌለበት ምንም ጉዳት የለውም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት መሠረት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውዱእ የሚያደርጉት በአንድ ሙድ ውሃ ነበር፤ በብዙዎቹ ስሌት ይህ ከሁለት ሦስተኛ ሊትር ብዙም አይርቅም። በአጋጣሚ ይኸው መጠን መካከለኛ የፉል ማሰሮን አንዴ ለማጠጣት የሚበቃ ያህል ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር መታጠቢያው ሥር ገበቴ ማስቀመጥ ተክሉንም ጀሪካኑንም ያተርፋል። የልብስ፣ የዕቃና የኢስቲንጃ ውሃ ግን አይሰጥ።

እንደ ድሬዳዋ ያለ ጨዋማና ከባድ ውሃ ያለበት ከተማ አንድ ሌላ ችግር አለ። ፉል ትንሽ አሲድነት ያለው አፈር ይወዳል። ውሃው ውስጥ ያለው ኖራ አፈሩን ሲለውጠው ተክሉ አይረን መሳብ ያቅተዋል፤ አዲሱ ቅጠል ቢጫ ይሆናል፣ የቅጠሉ ደም ሥር ግን አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ይህ ምልክት ከታየ መፍትሔው ማዳበሪያ ሳይሆን የዝናብ ውሃ ማጠራቀምና አፈሩን በየዓመቱ መቀየር ነው።

አፈር፣ ማዳበሪያና መቀስ

ስለ አፈር ብዙ አንልም። ጥቁር መረሬ አፈር ብቻውን ማሰሮ ውስጥ ጭቃ ይሆናል፤ አይሆንም። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ወይም ለግንባታ የሚሸጠው ሬድ አሽ በደቃቁ ይበቃዋል። ማሰሮውም ሰፊ አይሁን፤ ፉል ሥሩ ትንሽ ሲጨናነቅ ይበልጥ ያብባል። ሲቀየርለትም ከቀድሞው በሦስትና በአራት ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚሰፋ ይሁን።

ማዳበሪያ ላይ በብዛት የሚፈጸመው ጥፋት ዩሪያ ነው። ከገጠር ዘመድ የመጣች ዩሪያ በእጅ ትበተናለች፤ ተክሉም በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደ ጎመን ይለመልማል። ዩሪያ ናይትሮጅን ብቻ ነው፤ ናይትሮጅን ደግሞ ቅጠል ያበዛል። ለአበባ ፎስፈረስና ፖታሲየም ያለበት ሚዛናዊ ማዳበሪያ ያስፈልጋል። ለማሰሮ አበባ የሚሸጠውን ፈሳሽ ማዳበሪያ በመጠቅለያው ላይ ከተጻፈው በግማሽ አቅጥኖ በሁለት ሳምንት አንዴ መስጠት ይበቃል፤ እሱም ተክሉ በሚያድግበት ወቅት ብቻ። በክረምቱ ደመናና በብርድ ወራት አይሰጥ። የበሰለ ፍግም ይሆናል፤ ትኩስ ፍግ ግን ሥር ያቃጥላል።

መቀስ ግን ብዙዎቻችን የምንፈራው ነገር ነው። ፉል የሚያብበው በአዲስ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነው። ያልተገረዘ ፉል እየረዘመ ሄዶ በጥቂት ጫፎች ላይ ብቻ ያብባል። የተገረዘው ግን ከአንድ ጫፍ ሁለትና ሦስት አዲስ ጫፍ ያወጣል፤ እያንዳንዱም ጫፍ ሦስትና ከዚያ በላይ እምቡጥ ይይዛል። ስለዚህ አንድ ዙር አበባ ሲያልቅ ጫፉን ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ጥንድ ቅጠል በላይ ቁረጡ። በአዲስ አበባ ዋናው ግርዛት አየሩ መሞቅ ሲጀምር፣ በየካቲት አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። ያን ጊዜ ሲሦ ያህሉን መቁረጥ ይቻላል። ለሁለት ሳምንት ቤቱ የተራቆተ ይመስላል፤ ታገሱ።

ብርዱስ? ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ፉል ቅጠሉን ማራገፍ ይጀምራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የአዲስ አበባ በረንዳ ከዚህ በታች ሊወርድ ስለሚችል በእነዚህ ወራት ማታ ማታ ወደ ውስጥ ይግባ። ሐረር ትንሽ ይቀላታል። ድሬዳዋ፣ ሎጊያና መተማ ያላችሁ ግን ከነጭራሹ ውጭ ተክሉት፤ ቤት ውስጥ ማስገባቱ በደል ነው።

ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ

ደረቅ አየር ባለበት ቤት የፉል ዋና ጠላት በዓይን ለማየት የሚያስቸግር፣ ሸረሪት መሰል ጥቃቅን ተባይ ነው። ቅጠሉ በመርፌ የተወጋ ይመስል ነጠብጣብ ይሞላና ይገረጣል፤ ሲገለበጥ ቀጭን ድር ይታያል። መጀመሪያ ተክሉን ወደ መታጠቢያ ቤት ወስዳችሁ የቅጠሉን ጀርባ በደንብ እጠቡት። ቀጥሎ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ጀርባውን እርጩና ከጥቂት ቆይታ በኋላ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። በየአራትና አምስት ቀን ሦስት ጊዜ ካልተደጋገመ እንቁላሉ ተፈልፍሎ ይመለሳል። እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር በአንጓው ላይ ካያችሁም በዚሁ ይታጠባል። ለጤፍና ለአትክልት የሚረጭ መርዝ ሳሎን ውስጥ መርጨት ግን በምንም መንገድ አይፈቀድ፤ በተለይ አበባው ፀጉር ላይ የሚሰካ፣ ልጆችም የሚያሸቱት ከሆነ።

ማታ ተክል ኦክስጅን ይሻማል የሚል ፍርሃት አንዳንዴ ይሰማል። አንድ ማሰሮ ተክል ሌሊቱን የሚጠቀመው አብሮ ከሚተኛ አንድ ሰው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። አስም ያለበት ወይም ጠንካራ ሽታ ራሱን የሚያሳምመው ሰው ካለ ግን ፉሉ ከመኝታ ቤት ይውጣ፤ ሽታው በእርግጥ ኃይለኛ ነው።

መልቀምና ማካፈል

ፉል የሚከፈተው ማታ ነው። በመግሪብ አካባቢ ይፈታል፣ ሌሊቱን ያውዳል፣ በማግስቱ ይረግፋል፤ ሲያረጅም ወደ ሐምራዊ ይለወጣል። ስለዚህ የሚለቀመው ከዐስር በኋላ፣ እምቡጡ ወፍሮ ነጭ ሆኖ ግን ሳይከፈት ነው። ጥቂት ውሃ ባለበት ሰሃን ላይ ከተቀመጠ ከዒሻ በኋላ እንግዳ ሲመጣ ቤቱ ሌላ ሆኖ ይጠብቀዋል። መልቀም ተክሉን አይጎዳውም።

ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ረይሓን የተሰጠው ሰው እንዳይመልሰው መክረዋል፤ ለመያዝ ቀላል፣ ሽታውም መልካም ነውና። ኢማም አን-ነወዊ ረይሓን የሚለው መልካም ሽታ ያለውን ተክል ሁሉ እንደሚያካትት የቋንቋ ሊቃውንትን ጠቅሰው አብራርተዋል። ፉል ለዚህ ስጦታነት የተመቸ ነው፤ ከግርዛቱ የተረፈው ቅርንጫፍ ራሱ ችግኝ ይሆናልና።

ከሳዑዲ ወይም ከየመን ችግኙን በሻንጣ ይዞ መምጣት የሚያስቡ አሉ። ተክል ከነአፈሩ ድንበር ሲሻገር ተባይና በሽታ ይዞ ስለሚገባ የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫና ፈቃድ ይጠየቅበታል፤ ያለዚያ ኤርፖርት ላይ ይወረሳል። አገር ውስጥ ካለው ጎረቤት አንድ ቅርንጫፍ መጠየቅ ይቀላል።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። በጣም ያልለሰለሰ፣ በጣምም ያልደረቀ ቅርንጫፍ ከአንጓው ሥር ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይቆረጣል። የታችኛው ቅጠል ይነቀላል፤ ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ ይተዋል፤ አበባ ካለውም ይቀነጠሳል። እርጥብ አሸዋና ኮምፖስት በተደባለቀበት ትንሽ ዕቃ ይተከልና በስስ ፌስታል ይሸፈናል፤ ወይም ከታች የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ይደፋበታል። ብሩህ ግን ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ሞቅ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ሥር ይይዛል፤ ቀስ ብላችሁ ስትስቡት የሚይዛችሁ ከሆነ ተሳክቷል። ሁሉም ስለማይያዝ አራትና አምስት አድርጋችሁ ትከሉ፤ የተረፈው ለጎረቤት ይሆናል። አዲሱ ችግኝ ገና ስንዝር ሳያክል እምቡጥ ካወጣም ያንን የመጀመሪያ እምቡጥ ቀንጥሱት፤ ጉልበቱ ለሥሩ ይዋል።